በጨው ነው በስኳር?

ጥያቄውን የጠየቁን ሬኮ ውስጥ፣ እንሰትና ቡና ከበው ከያዙት አንድ ግቢ፣ ረከቦቱ ፊት ተደርድረን በተቀመጥንበት ነው። ሬኮን ለማታውቁት፦ ከዲላ ወደ ደቡብ ይዛችሁ ይርጋጨፌን ካለፋችሁ በኋላ በኮቸሬ በኩል የምትገኝ የቡና አገር ናት። ቡናዋ በስሟ ተጠርቶ ባሕር ማዶ ይሸጣል። እኛ ግን የሄድነው ቡና ልንነግድ ሳይሆን የጓደኛችንን አያት ልንጠይቅ ነበር።

አምስት ነበርን። እማማ ጀበናውን ከእሳት አወረዱና "ልጆቼ፣ በጨው ነው በስኳር?" አሉ። አራታችን እንደ ተማሪ በአንድ ድምፅ "በስኳር!" አልን። አምስተኛው ዝም አለ፤ ቆይቶ "ለኔ ባዶውን ይሁንልኝ እማማ" አለ።

እማማ ደነገጡ። "ምነው ልጄ? አመመህ እንዴ?"

አሞታል ማለት እንኳን አይቻልም። ከወር በፊት ለሥራ ቅጥር ጤና ምርመራ ሄዶ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ "በሽታው ገና አልያዘህም፣ ግን ደጃፍህ ላይ ነው" አለችው። ልጁ 29 ዓመቱ ነው። አባቱ በዚሁ በሽታ ዓይናቸው ደክሞ ጋዜጣ የሚያነቡላቸው ልጆቻቸው ናቸው። እናም ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣፋጭ ሊተው ታገለ። በሦስተኛው ቀን ኬክ ቤት በር ላይ ያዝነው። በአምስተኛው ቀን ከቢሮ መሳቢያው ውስጥ የብስኩት ወረቀት ተገኘ። (መሳቢያውን ማን እንደከፈተ እዚህ አንናገርም።) "እንዴት ብዬ ልተው?" ይለን ነበር፤ "ባህላችን ነው እኮ! ቡና ያለ ስኳር ምን ቡና ነው?"

የእማማ ጥያቄ የገባው እዚህ ላይ ነው። ባህላችን ነው ወይ? ጨው የመጀመሪያው ምርጫ ሆኖ የቀረበው ለምንድን ነው? ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስንከራከር መጣን፤ ይኸው ጽሑፍም ከዚያ ክርክር የወጣ ነው።

እንግዲህ ከገበታችን እንጀምር። የኛ አገር ምግብ ከበሬ ሥጋ እስከ ሽሮ፣ ከገንፎ እስከ ቆጮ ተዘርዝሮ ሲያልቅ፣ ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ የሚባል ነገር አታገኙበትም። ሲያልቅ እጅ ይታጠቡና ቡና ይፈላል፣ በቃ። ጣዕማችን ቅመም፣ ቂቤ፣ ኮምጣጣና መራራ ነው። ጌዴኦ ደግሞ የእንሰት አገር ነው፤ ቆጮና ቡላ እንኳን ስኳር፣ ጨውም ብዙ አይፈልጉም። በጎረቤት በጉጂና በቦረና ኦሮሞ ዘንድ "ቡና ቀላ" የሚባለው የቡና ፍሬ በቂቤ ተጠብሶ የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው። ቡና በጨው፣ ቡና በቂቤ በደቡቡም ሆነ በሌላው ገጠር ዛሬም አለ።

ጣፋጭ ነገር አልነበረም ማለታችን ግን አይደለም፤ ማር ነበር። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ በማር ምርት የምትቀድም ናት፤ ከማሩም አብዛኛው የሚሄደው ለጠጅ ነው። ችግሩ ማሩ የማን ነበር የሚለው ላይ ነው። ጠጅ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። በደቡቡ የገባር ሥርዓት ከተተከለ በኋላ ገባሩ ለመልከኛው ከሚያስገባው ነገር አንዱ ማር ነው። ቀፎውን ዛፍ ላይ የሰቀለው ሰው ከማሩ የሚቀምሰው ጌታው ከጠገበ በኋላ ነበር። ስለዚህ "አያቶቻችን ጣፋጭ አይወዱም ነበር" የሚለውን ተረት አንቀበልም። ይወዱ ነበር፤ አይደርሳቸውም ነበር እንጂ።

ጨው ግን ይደርስ ነበር። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ያገለገለ ነገር ነው። ደቡቡ ደግሞ በቦረና ኤል ሶድ ከእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ጨው አለው። ወደ ቡናው ስኒ ቀድሞ የገባው እሱ ነው፤ የገባውም በከንቱ አይደለም። ጨው ምላስ ላይ መራራነትን ያደበዝዛል። ይህ ዛሬ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ ነገር ነው። ስኳር ቡናው ላይ የሚሠራውን ሥራ፣ ማለትም ምሬቱን ማለስለሱን፣ ቁንጥር ጨው ከስኳር በፊት ሲሠራው ኖሯል። እማማ "በጨው ነው በስኳር?" ሲሉ የጠየቁን "ምሬቱን በምን ላብርድላችሁ?" ብለው ነው፤ እኛ ግን ሌላ ነገር የጠየቁን መስሎን ነበር። (የደም ግፊት ያለባችሁ ይህን አንብባችሁ ጨው እንዳታበዙ፤ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።)

ታዲያ ስኳሩ ከየት መጣ?

ሸንኮራ አገዳን መጀመሪያ ያላመዱት በኒው ጊኒ ደሴት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጭማቂውን አንጥሮ ወደ ጠጣር ስኳር መለወጥን የጀመሩት ሕንዶች ሲሆኑ፣ ዐረቦች ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ "ስኳር" የሚለው ቃላችንም መንገዱ በዐረብኛው "ሱከር" በኩል ነው። ከዚያ አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ ደሴቶች ወስደው በአፍሪካውያን ባሪያዎች ጉልበት አረሱት። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ሲድኒ ሚንትዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየው ነገር እኛን በጣም ነክቶናል። በእንግሊዝ ስኳር መጀመሪያ የመኳንንት ቅንጦት ነበር፤ ሁለት መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ግን የፋብሪካ ሠራተኛው ምግብ ሆነ። ሠራተኛው ትኩስ ምግብ ለማብሰል ጊዜም ገንዘብም የለውም፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ሆድን ያታልላል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ርካሽም ነው። አምሮቱ ከተፈጥሮ ብቻ የመጣ ሳይሆን ከሥራ ሰዓቱና ከኪሱ ጋር ተያይዞ ያደገ ነው ማለት ነው። ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ ታክሲ ተጋፍታችሁ፣ ቢሮ ደጃፍ በሁለት ማንኪያ ስኳር ማኪያቶ የምትጠጡ ወንድምና እህቶች፣ ስለ ማን እያወራን እንደሆነ ሳይገባችሁ አይቀርም።

ወደ አገራችን እንመለስ። የጣልያን ወረራ ብዙ መጥፎ ነገርና ጥቂት የጣፋጭ ቃላት ትቶልን ሄዷል፤ ማኪያቶውም ቦምቦሊኖውም ከዚያ ቋንቋ ናቸው። ይሁንና ስኳር ከውጭ በመርከብ እየመጣ እስካለ ድረስ የከተማና የባለ ገንዘብ ነገር ሆኖ መቅረቱ ግድ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በወንጂ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በጃቫ ነው ብንላችሁ እንዳትስቁ። ሐንደልስፈሬኒግንግ አምስተርዳም (ኤች ቪ ኤ) የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ በቅኝ ግዛት ዘመን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሰፋፊ እርሻዎች ነበሩት። ኢንዶኔዥያ ነጻነቷን አውጃ ሆላንድም እ.ኤ.አ. በ1949 ለመቀበል ስትገደድ፣ ኩባንያው ሌላ መሬት ማማተር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተፈራረመ፤ በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1962 ሸዋ፣ በ1969 መተሐራ ተከተሉ። የአዋሽ ሸለቆ አርብቶ አደር፣ በተለይ በመተሐራ በኩል ከረዩው፣ የከብቱን ግጦሽ ለአገዳ ለቀቀ። የወንጂ ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ዕዳ ወደቀበት። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታልና በሠራተኛው ሰፈር ውሃ የጠጡ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፣ ለረጅም ዓመታት የጠጡት ደግሞ አጥንታቸው ተጎዳ። በስኳር አገር ጥርስ የጠቆረው በስኳር አልነበረም ማለት ነው። ይህን ምፀት ማንም ደራሲ ሊፈጥረው አይችልም።

ከወንጂ በኋላ ስኳር ለመጀመሪያ ጊዜ "የኛ" ሆነ፤ ደስታ ከረሜላም በየሱቁ ብቅ አለ። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ላይ መጠመቅ... ይቅርታ፣ መታሸግ ጀመረ።

ይህ ሁሉ ጌዴኦ ዘንድ ምን ይመስል ነበር? ዲላ ያኔ የቡና መሰብሰቢያ ከተማ ናት። ቡና የገንዘብ ሰብል ሲሆን ገበሬው እጅ ብር መግባት ጀመረ፤ በዚያው ልክ ባላባቱም ድርሻውን ለማሳደግ ቋመጠ። እ.ኤ.አ. በ1960 በሚጪሌ የጌዴኦ ገበሬዎችና ባለ መሬቶች የተዋጉት በዚሁ በቡናው ጉዳይ ነው። ቡና ጭኖ ወደ ሰሜን የወጣ መኪና መቼም ባዶውን አይመለስም፤ ጨርቁም፣ ጋዙም፣ ስኳሩም በዚያው መንገድ ይመጣል። እማማ እንዳወሩን በልጅነታቸው ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ በቁልፍ የሚቀመጥ ነገር ነበር። ለአራስና ለትልቅ እንግዳ ካልሆነ አይወጣም። "ስኳር የሰጠችህ ሴት አክብራሃለች" አሉን። የስኳር ትልቁ ጉልበት እዚህ ቃል ውስጥ ነው ያለው ብለን እናምናለን። ለኛ ሰው ስኳር ከጣዕም በፊት ክብር ሆኖ ገባ። ጨው የቤት ነው፣ ስኳር የእንግዳ ነው። ታዲያ እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ "ስኳሩ ይቅርብኝ" የሚል ሰው ክብሩን እንደመለሰ ይቆጠራል። ለዚህ ነው እማማ "አመመህ እንዴ?" ያሉት።

ከዚያ ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ ተወረሱ። በኋላ እጥረቱ ሲከፋ ስኳር በቀበሌ ካርድ ሆነ። ወላጆቻችን ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ከፖለቲካው እኩል የስኳር ሰልፉን ያነሳሉ፤ ለቤተሰብ ቁጥር ተመጥና የምትሰጥ የወር ስኳር፣ ተራ ለመያዝ ከንጋት በፊት የተቀመጠ ድንጋይ፣ "ዛሬ አልመጣም" የሚል የቀበሌ ሱቅ ሠራተኛ። ስኳር ሲጠፋ ከረሜላ ጉንጭ ውስጥ ይዞ መራራ ሻይ መጠጣት የተለመደ ነበር። አንድ ማንኪያ ሲሆን ሁለተኛውን የሚያስመኝ ዘመን ነው።

አንዳንዱ "ደርግ ሳያውቀው ጤናችንን ጠበቀ" ብሎ ይቀልዳል። እኛ በተቃራኒው ነው የምናየው። ራሽን አምሮትን አይገድልም፤ ያሳድገዋል እንጂ። በሰልፍ የተገኘ ነገር ውድ ነው፤ ውድ ነገር ሲገኝ ይበዛል። ያ ትውልድ ነገሩ ሲላላ ለልጆቹ፣ ማለትም ለኛ፣ ያላገኘውን ስኳር በእጥፍ ሰጠን። አራት ማንኪያ ስኳር ተጨምሮለት ከታች የሚዘቅጥ ሻይ ያደግንበት ፍቅር ነው። ይህን ስንጽፍ እናቶቻችንን መውቀሳችን አይደለም፤ ፍቅራቸው ለምን ማንኪያ እንደያዘ መረዳታችን ነው።

ኢሕአዴግም ስኳርን አልተወውም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ስኳር ላይ 33 በመቶ፣ ለስላሳ መጠጥ ላይ 40 በመቶ ጣለ። ጨውም በዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ 30 በመቶ ተጥሎበት ነበር፤ የእማማ ሁለቱም ምርጫዎች ታክስ የሚከፈልባቸው ነበሩ ማለት ነው! በ2003 ዓ.ም. ስኳር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 10 አዳዲስ ፋብሪካዎች እንደሚገነቡና አገሪቱ ስኳር ወደ ውጭ እንደምትልክ ታወጀ። ዕቅዱ የሚያበቃው በ2007 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ወደ ውጭ መላኩ ቀርቶ ከውጭ እየገዛን ነበር። በ2003 መንግሥት የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ ከተዘረዘሩት ሸቀጦች አንዱ ስኳር ነበር፤ ሰልፉም ከቀበሌ ሱቅ ወደ ሸማቾች ማኅበር በር ተዛወረ።

እስኪ ወደ ጓደኛችን እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከተጨመረ ስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። 10 በመቶው ወደ 50 ግራም፣ ወይም 12 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። የጓደኛችንን ቀን ቁጭ ብለን ቆጠርን፦ የጠዋት ማኪያቶ 2፣ የረፋድ ሻይ 3፣ ከምሳ ጋር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 8 ገደማ፣ ማታ ስፕሪስ ጁስ ላይ የሚፈስለት የስኳር ውሃ ስንት እንደሆነ ጁስ ቤቱ ብቻ ያውቃል። ገና ኬኩን አልቆጠርንም።

ኢትዮጵያ በነፍስ ወከፍ ሲታይ ስኳር የምትጠቀመው ከዓለም አማካይ በጣም ያነሰ ነው። ይህ ቁጥር ግን ያታልላል። ወር ሙሉ ስኳር ያልቀመሰን ገበሬና የጓደኛችንን ጠረጴዛ ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ነው። እዳው የሚሰበሰበው ከከተማው ነው።

"ስኳር በሽታ" የሚለው ስምም አሳስቶናል። ስሙን የሰማ ሰው ስኳር የበላ ሁሉ የሚይዘው፣ ያልበላ የማይዘው ይመስለዋል። አንደኛው ዓይነት ስኳር በመብላት አይመጣም፤ ልጆችንም ይይዛል። ሁለተኛው ዓይነት ላይ ዘር፣ ውፍረት፣ ቁጭ ብሎ መዋልና አመጋገብ ይረባረባሉ፤ ጣፋጭ መጠጥ የሚያዘወትር ሰው አደጋው ይጨምርበታል። ደግሞም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ድንገት ሲወርድበት የሚያድነው ኪሱ ውስጥ ያስቀመጣት ከረሜላ ናት። የጓደኛችን አባት ኮት ኪስ ሁልጊዜ ሁለት ከረሜላ አለው፤ ልጁ ትንሽ ሳለ ይሰርቃቸው ነበር፤ ምን እንደሰረቀ የገባው አሁን ነው።

ከሬኮ በኋላ ልጁ "ባህሌ ነው" ማለቱን ተወ። እንደ ተመራማሪ የራሱን አምሮት መከታተል ጀመረ። አምሮቱ የሚመጣው እንቅልፍ ባጣበት ማግስትና ቁርስ በዘለለበት ቀን እንደሆነ ደረሰበት፤ የሚንትዝ እንግሊዛዊ ሠራተኛ ማለት እሱው ነው። ቁርስ መብላት ጀመረ። ለስላሳውን በአንድ ጊዜ ተወ፤ ሻይና ቡናውን ግን ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ ሦስት የነበረውን ማንኪያ ሁለት ተኩል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት፣ እያለ። ምላስ ይለምዳል፤ ትዕግሥቱ ግን በቀን ሳይሆን በሳምንታት የሚቆጠር ነው። በሁለተኛው ወር "ይህ ኬክ ድሮም እንዲህ ያንገበግብ ነበር እንዴ?" ብሎ ግማሹን ትቶ ተነሳ። እኛ ግማሹን ጨረስንለት።

ትልቁ ፈተና የራሱ አምሮት ሳይሆን የሰው ግብዣ ነበር። አክስቶቹ ቤት ያለ ስኳር ልጠጣ ማለት ሦስት ሰዓት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ዘዴው የተገኘው ከእማማ ነው፦ "ለኔ በጨው" ይላል። ስኳር እምቢ ማለት ነውር ሲሆን፣ ጨው መጠየቅ ግን የአያት አመል ነውና አክስቶቹ ይስቃሉ፣ "ይኼ ልጅ ሸመገለ" ብለው ቁንጥር ጨው ይሰጡታል።

የሬኮውን ቀን ያላወራናችሁ አንድ ነገር ቀርቷል። ቡናው ከመፈላቱ በፊት የእማማ የልጅ ልጆች ከጓሮ ቀይ የቡና ፍሬ እየቀጠፉ ይመጡ ነበር፤ ፍሬዋን አፋቸው ውስጥ ጨምቀው ጣፋጯን ቆዳ ይመጡና ዘሩን ይተፉታል። ቡና ፍሬው ሲበስል ጣፋጭ ነው። ያንን ጣፋጭ ልባስ እጠባ ጣቢያው ያስወግደዋል፤ ቢሆንም የይርጋጨፌ አካባቢ ቡና ባሕር ማዶ የሚወደደው አበባ አበባ፣ ሎሚ ሎሚ በሚለው ጣዕሙ ነው። ቀማሾቹም የሚጠጡት ያለ ስኳር ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ የተመዘገበው ይኸው እንሰት፣ ቡናና ዛፍ አብረው የሚኖሩበት እርሻ ነው። እኛ ከዚያው ማሳ መሀል ተቀምጠን ከስኒያችን ታች ሁለት ጣት ስኳር እያዘቀጥን ነበር።

በቶናው ሁለታችን ስኳሩን ቀነስን። በበረካው እማማ እንደገና "በጨው ነው በስኳር?" አሉ። ከአምስታችን ሦስት "በጨው" አልን። አንዷ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና "እማማ፣ ለኔ ትንሽ ስኳር ይጨመርልኝ" አለች፤ እማማም ስኳሩን ጨመሩላትና ቆርቆሮውን ክዳኑን ገጥመው ወደ ጓዳ መለሱት።